ስለ አሮጌ መኪና እድሳትና ጥበቃ

መኪና ሲያረጅ ምን ይሆናል ተብሎ ቢጠየቅ፥ ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ብዙው «ለቆራሌው ይሸጣል» ብሎ ይመልስ ይሆናል። መልሱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ባለቤቱ ሲሞት ወይም አቅም ሲያጣ መኪናው በግቢ ጥግ ይቆማል፤ ጎማው ይተነፍሳል፤ ዶሮ ያድርበታል፤ በመጨረሻም በኪሎ ተመዝኖ ወደ ብረት ማቅለጫ ይገባል። ይሁን እንጂ በውጭ አገርም ሆነ በአገራችን ይህን ፍጻሜ አንቀበልም የሚሉ ሰዎች አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አሮጌ መኪና ሲፈልጉ፥ ሲፈቱ፥ ሲያጥቡና ሲገጥሙ ይኖራሉ። ከሚያያቸው ሰው ግማሹ «ሀብት የተረፋቸው ናቸው» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «ሥራ ያጡ ናቸው» ይላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም አስተያየት ጎደሎ መሆኑን ማሳየት፥ ቀጥሎም የእድሳት ሥራ እንዴት እንደሚካሄድና እኛን ተማሪዎችን ምን እንደሚመለከተን ማስረዳት ነው።

ነገሩን ከሂርና ብንጀምረው ይቀላል። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ አዋሽንና ሚኤሶን ካለፈ በኋላ ቆላውን ትቶ ወደ ጨርጨር ተራራዎች ይወጣል፤ አሰበ ተፈሪን፥ ማለት የዛሬዋን ጭሮን፥ ዐልፎ ሂርና ይደርሳል፤ ከዚያም በጨለንቆና በቁልቢ በኩል ቀጥሎ ደንገጎ ላይ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ይለያል። በዚህ መንገድ ዳር ያደገ ልጅ መኪናን ከማየቱ በፊት በድምፁ ያውቀዋል። ጫት ጭኖ የሚከንፈው አይሱዙ አንድ ድምፅ አለው፤ ዳገቱን በከባድ ማርሽ የሚገፋው ተሳቢ ሌላ ድምፅ አለው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲቃረቡ ደግሞ ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ የሚጓዘው ምእመን ከየአገሩ ሁሉ ስለሚመጣ፥ አዲሱም አሮጌውም፥ ትልቁም ትንሹም መኪና በአንድ መንገድ ተሰልፎ ያልፋል። ስለዚህ ለሂርና ሰው መኪና የክብር ዕቃ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው። መሣሪያ ደግሞ ሲሰበር ይጠገናል እንጂ አይጣልም። በአገራችን የአሮጌ መኪና ነገር ከሀብታም ጋራዥ ሳይሆን ከመንገድ ዳር የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል፤ መጠገን፥ ማደስና መጠበቅ ናቸው። መጠገን ማለት የቆመው መኪና እንዲሄድ ማድረግ ነው፤ በምን ተጠገነ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ማደስ ማለት መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ ነበረበት ሁኔታ መመለስ ነው፤ እዚህ ላይ በምን ታደሰ የሚለው ጥያቄ ዋና ይሆናል። መጠበቅ ማለት ደግሞ መኪናው በሕይወቱ ያገኘውን ምልክት ሁሉ፥ የተፋቀውን ቀለምና የተለበጠውን ወንበር ሳይቀር፥ ከነታሪኩ ማቆየት ነው። በዓለም ላይ የአሮጌ መኪና ወዳጆችን ማኅበራት የሚያስተባብረውና ፊቫ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ፌዴሬሽን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን፥ «ታሪካዊ ተሽከርካሪ» የሚለውን ስም የሚሰጠው ቢያንስ 30 ዓመት ለሞላው፥ በታሪክ ትክክለኛ በሆነ ሁኔታ ተጠብቆ ለቆየና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ ለማይውል መኪና ነው።

ይህን ትርጓሜ ወደ እኛ አገር ብናመጣው አንድ አስገራሚ ነገር እናገኛለን። በሐረር ከተማ ፔጆ 404 ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በታክሲነት አገልግሏል። ይህ መኪና በፈረንሳይ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ዕድሜው ከተጠየቀው 30 ዓመት እጥፍ ዐልፏል፤ ነገር ግን በየቀኑ ሰው ሲጭን የሚውል ከሆነ በፌዴሬሽኑ ትርጓሜ ታሪካዊ አይደለም። በአውሮፓ መኪና ታሪካዊ የሚሆነው ሥራ ከፈታ በኋላ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ታሪኩን የሚሠራው ሥራ ሳይፈታ ነው። እንግሊዞች ከለንደን እስከ ብራይተን በየዓመቱ በሚያደርጉት ጉዞ የሚሳተፈው ከ1905 በፊት የተሠራ መኪና ብቻ ነው፤ ያ መኪና በሌላው ቀን በጋራዥ ውስጥ ሸማ ለብሶ ይተኛል። የሐረሩ ፔጆ ግን ዕረፍት አያውቅም። ስለዚህ የውጭውን ትርጓሜ እንዳለ መቀበል የለብንም፤ የእኛን ሁኔታ የሚገልጽ የራሳችን መለኪያ ያስፈልገናል።

ለመሆኑ አሮጌ መኪና ለታሪክ ምን ይጠቅማል? መልሱ፥ መኪና በብረት የተጻፈ ሰነድ ነው የሚል ነው። ጥቂት ምሳሌዎችን እንመልከት። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሲድሌ በምትባል መኪና አዲስ አበባ ገባ፤ በዚያው ዓመት ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊም በሌላ መኪና መጣ። ስለ ሁለቱም ጉዞዎች መጽሐፍ ታትሟል። ዳግማዊ ምኒልክ መኪናን ያዩት በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የጣልያን ወረራ ሲመጣ የናፍጣ ካሚዮን በብዛት ገባ፤ ከእነዚህም አንዱ ፊያት 634 ነበር፤ የአገራችን ሰው የቁጥሩን መጨረሻ ይዞ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው። ቆይቶ የመጣውን ፊያት 682 ኤን 3ንም እንዲሁ «ኤንትሬ» ብሎ ጠራው።

ቋንቋችንም ራሱ ይህን ታሪክ ይመሰክራል። ጋራዥና ሾፌር ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። ጎማ፥ ታርጋ፥ ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ባሌስትራ፥ ቴስታታ፥ ላሜራ፥ ቸርኬ፥ ቶርኖ የምንላቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የተወሰዱ ናቸው። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ነው፤ ፍሬቻ ቀስት ነው፤ ስፖኪዮ መስተዋት ነው፤ ኩሽኔታ ደግሞ ትንሽ ትራስ ማለት ነው። የጣልያኑ ዕቃ መጫኛ «ፖርታባጋሊ» በእኛ አፍ «ፖርቶ መጋላ» ሆኗል፤ በሐረርጌ መገላ ገበያ ወይም ከተማ ማለት በመሆኑ፥ ዕቃን ወደ ገበያ የሚያደርስ ነገር በዚህ ስም መጠራቱ ለአካባቢው ጆሮ አልከበደም። መኪና የሚለው ቃል ራሱ መጀመሪያ ማንኛውንም መዘውር ያለው መሣሪያ ያመለክት ነበር፤ በሐረር ጀጎል ውስጥ «መኪና ግርግር» የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከአውቶሞቢል ሳይሆን ከልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪና ድምፅ ነው።

የፖለቲካ ታሪካችንም ከመኪና አይለይም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ በዚያ ዘመን ከከተማው ታክሲዎች መካከል ብዙዎቹ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት ትንንሾቹ ፊያት 600፥ በሕዝብ አጠራር «ሰይቼንቶ» ነበሩ። ከሰባት ወር በኋላ፥ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን ነው። ይኸው ቤተ መንግሥት በ2017 ዓ.ም. ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ ሲከፈት በዚያ ከሚታዩት ቅርሶች መካከል የንጉሠ ነገሥቱ አሮጌ መኪኖች ይገኙበታል። ሮልስ ሮይሱን የሚያይ ሰው የሥልጣንን ታላቅነት ያያል፤ ቮልሷን የሚያስታውስ ሰው ደግሞ የሥልጣንን ፍጻሜ ያስታውሳል። ሁለቱም ባይኖሩ ታሪኩ ግማሽ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አሮጌ መኪና የሚያድስ ሰው የመጀመሪያ መሣሪያው መፍቻ ሳይሆን ደብተር ነው። ምንም ነገር ከመፍታቱ በፊት መኪናውን ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ ያነሣል፤ በሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር ያመሳክራል፤ እያንዳንዱን ቡሎን ከየት እንደ ወጣ ጽፎ በየጣሳው ያስቀምጣል። ይህን ያላደረገ ሰው ከስድስት ወር በኋላ በማያውቀው ብረት ክምር መካከል ይቆማል። ብዙ እድሳት ሳይፈጸም የሚቀረው በገንዘብ እጥረት ብቻ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ዝገት ነው። የአሮጌ መኪና ሞተር ሊተካ ይችላል፤ አካሉ ከዛገ ግን መኪናው ሞተ ማለት ነው። ዝገት የሚጀምረው ውሃና ጭቃ ተጠራቅሞ ከሚቀመጥበት ከጎማው በላይ፥ ከበሩ ሥርና ከወለሉ ነው። የቸኮለ ሠራተኛ በዛገው ላይ ስቱኮ ለጥፎ ቀለም ይቀባዋል፤ መኪናው ለአንድ ክረምት ሙሽራ ይመስላል፤ በሁለተኛው ክረምት ስቱኮው በቁራጭ በቁራጭ ይወድቃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው ነው። ትክክለኛው መንገድ የዛገውን ክፍል እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ቆርጦ ማውጣት፥ በዚያው ልክና ቅርጽ ላሜራ ቀጥቅጦ መበየድ፥ ከዚያም ፀረ ዝገት ቀለም መቀባት ነው። ስቱኮ የሚያስፈልገው ለመጨረሻው ማለስለሻ ብቻ፥ ያውም በስሱ ነው።

ሦስተኛው ሞተሩ ነው። ሞተር ሲያረጅ ፒስተኑ በየጊዜው እየተመላለሰ ሲሊንደሩን ስለሚበላው በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፤ ዘይት ወደ ላይ ሾልኮ ይቃጠላል፤ መኪናው ነጣ ያለ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፤ ጉልበቱም ይደክማል። ለዚህ ሲባል ቴስታታው ተነሥቶ ሲሊንደሩ ይለካል፤ በቶርኖ ቤት በጥቂት ዐሥረኛ ሚሊሜትር ይሰፋል፤ በሰፋው ልክም ወፍራም ፒስተንና አዲስ ፋሻ ይገጠማል። እዚህ ላይ ፔጆ 404 እና ቮልስ በአገራችን ለምን ረጅም ዕድሜ እንዳገኙ እንረዳለን። በፔጆ 404 ሲሊንደሮቹ ከሞኖብሎኩ ለብቻቸው ተነቅለው የሚወጡ ናቸው፤ በቮልስም እያንዳንዱ ሲሊንደር ለየብቻው በቡሎን የታሰረ ነው። ስለዚህ ትልቅ መሣሪያ የሌለው የገጠር ጋራዥም እንኳ አሮጌውን ሲሊንደር አውጥቶ ከነፒስተኑ በአዲስ መተካት ይችላል። እነዚህ መኪኖች የቆዩት በዕድል አይደለም፤ ሲሠሩ እንዲጠገኑ ታስበው ስለ ተሠሩ ነው። ፔጆው እ.ኤ.አ. በ1963፥ በ1966፥ በ1967 እና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር ማሸነፉም ለአፍሪካ መንገድ የነበረውን ብቃት ያሳያል። የቮልስም ምርት በመጨረሻ በሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2003 እስኪቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል።

የጨርጨር ዳገት ደግሞ የራሱን ትምህርት ያስተምራል። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ ያህል ያንሳል። በአውሮፓ ሜዳ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ሞተሩ ይታፈናል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ስለዚህ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ ማጥበብ ያስፈልጋል። በዚሁ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አሮጌ ራዲያተር ያለው መኪና ዳገት ላይ ቶሎ የሚፈላው ስለዚህ ነው። ቮልስ ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ የሚፈላ ውሃ የለውም።

አንድ ሌላ ችግርም አለ። በጥንቱ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይቀላቀል ነበር፤ እርሳሱ የቫልቮላውን መቀመጫ ከመበላት ይጠብቀው ነበር። ነገር ግን ለሰው ጤና፥ ይልቁንም ለሕፃናት አእምሮ፥ መርዝ በመሆኑ በየአገሩ ቀረ፤ ለመኪና መሸጡን በመጨረሻ ያቆመችው አልጄሪያ ስትሆን ይህም በ2013 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ጥንታዊ ሞተር የሚያድስ ሰው ከጠንካራ ብረት የተሠራ የቫልቮላ መቀመጫ ማስገባት ይኖርበታል። መኪናው ያን ጊዜ ከፋብሪካ እንደ ወጣው አይደለም፤ ግን ይሄዳል።

ከዚህ የተነሣ የእድሳት ዋና ክርክር ይመጣል። መኪናውን እስከ ምን ድረስ ብንለውጠው ያው መኪና ይባላል? የሌላ ኩባንያ ሞተርና ካምቢዮ የገጠመለት ፔጆ ፔጆ ነውን? አንዳንዱ ሰብሳቢ፥ ከፋብሪካው ካልመጣ አንድ ቡሎን እንኳ አልቀበልም ይላል። የእኛ አገር መካኒክ ይህን ቢሰማ ይስቃል፤ መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን ከላዳ ላይ አውጥቶ ለፊያት፥ ከጣለው ብረት ቀርጾ ለፔጆ ያልገጠመ መካኒክ የት አለ? እኔ እንደሚመስለኝ፥ ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። በቶርኖ ቤት በእጅ የተቀረጸው ያ ብረት ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው፤ ስለ ድንበር መዘጋት፥ ስለ ውጭ ምንዛሪ እጥረትና ስለ ሠራተኛው ብልኀት ይናገራል። እሱን አውጥቶ ጥሎ ከውጭ በመጣ አዲስ ዕቃ መተካት መኪናውን ያሳምራል፤ ታሪኩን ግን ይሰርዛል። ስለዚህ ጥሩ ደንብ የሚሆነው ይህ ነው፤ የሚለወጠው ይመዝገብ፤ የወጣው ይቀመጥ፤ አዲሱም ነገር በሚመጣው ትውልድ ሊነቀል በሚችል መንገድ ይገጠም።

የሚቃወመን ሰው የሚያነሣው ነጥብ ቀላል አይደለም። «ሕዝቡ አውቶቡስ ባጣበት አገር አሮጌ መኪና ማስጌጥ ቅንጦት ነው፤ ደግሞም አሮጌ መኪና ያጨሳል፤ ፍሬኑም ያሠጋል» ይላል። ስለ ጭሱና ስለ አደጋው የሚለው እውነት ነው። ቀበቶ የሌለውና የጥንት ፍሬን ያለው መኪና በደንገጎ ቁልቁለት በየቀኑ ሰው እንዲጭን መፍቀድ ጥበቃ ሳይሆን ድፍረት ነው። ከዚህ አንጻር ፌዴሬሽኑ ታሪካዊ መኪና ለዕለት ሥራ አይዋል ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ቅንጦት ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። ምክንያቱም የሚጠበቀው ብረቱ ብቻ ሳይሆን እጅ ነው። ሞተርን በጆሮ መርምሮ የቱ ብሮንዝ እንደ ተበላ የሚያውቅ፥ ላሜራን ያለ ቅርጽ ማውጫ ቀጥቅጦ የሚያወጣ ሰው በአንድ ትምህርት ቤት አልተማረም፤ ከመምህሩ እጅ አይቶ ነው የተማረው። ከጣልያን መካኒኮች ሥር የሠሩት ሽማግሌዎች ዐልፈዋል፤ ከእነሱ የተማሩትም እያረጁ ናቸው። የሚያስተምሩበት መኪና ካለቀ እውቀቱ ከእነሱ ጋር መቃብር ይገባል።

ዘመኑም ነገሩን አስቸኳይ አድርጎታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ አሮጌ መኪኖች ከውጭ ሲገቡ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሎባቸዋል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። ዓላማውን ብንደግፍም ብንነቅፍም፥ ውጤቱ ግልጽ ነው። ዛሬ በአገራችን ያለው አሮጌ መኪና ሌላ የሚተካው ዓይነቱ አይመጣም፤ የቀረው የቀረው ነው። ትናንት ተራ ዕቃ የነበረው ሰይቼንቶ ነገ በፎቶግራፍ ብቻ የሚታይ ይሆናል።

እንግዲህ እኛ መኪና የመግዛት አቅም የሌለን ተማሪዎች ምን እናድርግ? ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው፥ ለዕረፍት ወደ ሂርና፥ ወደ ጭሮ፥ ወደ በዴሳ፥ ወደ ገለምሶ ስንመለስ በመንገዱ ዳር ያሉትን አዛውንት ሾፌሮችና መካኒኮች አክብረን መጠየቅና በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ የነገሩንን መጻፍ ነው፤ በተለይ የየዕቃውን ስም፥ የትኛው መኪና በየትኛው ዳገት እንደ ተቸገረና በምን ዘዴ እንደ ወጣ። ሁለተኛው፥ በየግቢው የቆመ አሮጌ መኪና ስናይ ባለቤቱን አስፈቅደን ፎቶግራፍ ማንሣት፥ ዓመተ ሥሪቱንና ታሪኩን መመዝገብ ነው፤ ባለቤቱ የዕቃውን ዋጋ ሲያውቅ ቆራሌውን ከመጥራቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል። ሦስተኛው፥ የምሕንድስና ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ ሲፈልጉ የአንድ የማይገኝ መለዋወጫ ዕቃ ልክ ወስደው፥ ሥዕሉን ነድፈው፥ ከአንድ ቶርኖ ቤት ጋር ተባብረው ቢሠሩት ከወረቀት ያለፈ ፍሬ ያገኛሉ። በጭሮ ያለው ኦዳ ቡልቱምም ሆነ ጥንት የእርሻና የመካኒክ ጥበባት ኮሌጅ ተብሎ የተቋቋመው የዓለማያው ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ ከመንገዱ የራቁ አይደሉም።

ማኅበራችንም ይህን መዝገብ የሚይዝ አንድ ትንሽ ክፍል ቢያቋቁም መልካም ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የሚያስፈልገው ደብተር፥ እርሳስና ትዕግሥት ብቻ ነው። የሚጠየቁት ሰዎች ግን ዓመት እስኪጠብቁን ላይቆዩ ይችላሉና፥ የሚቀጥለው ዕረፍት ባያልፈን ይሻላል።